አንድ ኤምፔሳ፣ ሁለት ዕጣ፦ የሞባይል ክፍያን ማን ያቆመዋል፣ ማን ይጥለዋል?

ኤምፔሳ የሚባለው በስልክ ገንዘብ የመላኪያ አገልግሎት ኬንያ ውስጥ ሥራ የጀመረው በ2007 ነው። በ2010 ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ገባ። (ለሌሎች አገሮች የፈረንጆቹን፣ ለኢትዮጵያ የራሳችንን የዘመን አቆጣጠር ተጠቅሜያለሁ።) ስሙ ያው ነው። አሠራሩም ከሞላ ጎደል ያው ነበር። በሁለቱም አገር ከጀርባ ያለው የእንግሊዙ ስልክ ድርጅት የቮዳፎን ቤተሰብ ነው። ዛሬ ኬንያ ውስጥ ያለ ኤምፔሳ ቀኑን የሚውል ሰው ማግኘት ይከብዳል። ደቡብ አፍሪካ ላይ ግን በሦስት ዓመት 10 ሚሊዮን ደንበኛ ይኖረናል ተብሎ ታቅዶ፣ በመጨረሻ የምር የሚጠቀሙበት ሰዎች 76,000 ያህል ብቻ ሆኑ። አገልግሎቱ በ2016 ተዘጋ።

ቴክኖሎጂው አንድ ከሆነ ልዩነቱ ከየት መጣ? መልሱ ያለው በዙሪያው ካሉት ሰዎችና ተቋማት ዘንድ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አብዛኛው ጎልማሳ የባንክ ደብተር ነበረው። ባንኮቹ ጠንካሮች ናቸው፣ ኤቲኤም በየቦታው አለ። ሕጉ ኤሌክትሮኒክ ገንዘብ በባንክ በኩል ካልሆነ አይወጣም ስለሚል የቮዳፎን ቤተሰብ የሆነው ቮዳኮም ኔድባንክ ከሚባል ባንክ ጋር መጣመር ነበረበት። ለመመዝገብ የሚጠየቀው ማስረጃም ጠበቅ ያለ ነበር። ትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶች ደግሞ እዚያው ሂሳብ መክፈያው ላይ በርካሽ ገንዘብ ይልኩ ነበር። ኤምፔሳ ሲመጣ ያልተያዘ ቦታ አላገኘም። እንዲያድግ የሚፈልግ ባለጉዳይም አልነበረውም።

ይህን ጉዳይ አንስቼ መጻፍ የፈለግሁት እኛም አሁን መሃሉ ላይ ስለሆንን ነው። ነዳጅ፣ መብራት፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የአስቤዛ ሂሳብ ሳይቀር ወደ ስልክ እየገባ ነው። አጠቃቀሙን ማስታወቂያው ይነግረናል። ማን ምን ፈልጎ፣ ከማን ጋር ተደራድሮ፣ ለምን እንዲህ ሆኖ እንደተሠራ ግን ብዙም አይነገረንም።

መጀመሪያ ብሩ የሚሄድበትን መንገድ እንይ። የሰፈር ወኪል ጋ ሄዳችሁ 1,000 ብር ትሰጣላችሁ። ወኪሉ ከራሱ ሂሳብ ላይ 1,000 ብር ወደ ስልካችሁ ይልካል። እሱ ያንን የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ ቀደም ብሎ በራሱ ብር ገዝቶታል። እናንተ የሰጣችሁት ጥሬ ገንዘብ መሳቢያው ውስጥ ይቀራል፤ ቀጥሎ ወጪ ሊያደርግ ለሚመጣ ሰው ይሰጠዋል። ወኪሉ መጀመሪያ የከፈለው ብር ደግሞ ለስልክ ድርጅቱ የሚተርፍ ገንዘብ አይደለም። ባንክ ውስጥ በአደራ ሂሳብ ይቀመጣል። በሁሉም ሰው ስልክ ላይ ያለው ቀሪ ሂሳብ ቢደመር፣ ባንክ ከተቀመጠው ብር ጋር እኩል መምጣት አለበት። ጉድለት ከተገኘ የሰው ገንዘብ ጠፍቷል ማለት ነው።

በዚህች አጭር መንገድ ላይ ስንት ባለጉዳይ አለ! ስልክ ድርጅቱ ኮሚሽን ይፈልጋል፤ ደንበኛው ወደ ሌላ ሲም እንዳይሄድበትም ይፈልጋል። ባንኩ በአደራ የተቀመጠውን ብር ይፈልገዋል፣ ነገር ግን ደንበኛውን እንዳይነጥቁት ይፈራል። ማዕከላዊ ባንኩ ገንዘቡ እንዳይጠፋ ይጠብቃል። ገንዘብ ሚኒስቴር ግብር ይታየዋል። ወኪሉ የቀን ገቢውን ያሰላል። ባለሱቁ ብሩ በእርግጥ መግባቱን ማወቅ ይፈልጋል። ደንበኛው ደግሞ ብሩን በፈለገ ሰዓት ማውጣት መቻል አለበት። በጉባኤና በሪፖርት ላይ እነዚህ ሁሉ “ባለድርሻ አካላት” ተብለው በአንድ ቃል ይታለፋሉ። ፍላጎታቸው ግን አንድ አይደለም፤ አንዳንዱ ከሌላው ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል።

የኬንያ ታሪክ ብዙ ጊዜ የአንድ ኩባንያ ጀብዱ ሆኖ ይተረካል። ዝርዝሩን ላየው ግን የብዙ ሰው እጅ አለበት። መነሻው የእንግሊዝ የልማት ዕርዳታ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት፣ የግል ድርጅቶች ድሃውን የሚጠቅም የገንዘብ አገልግሎት እንዲሞክሩ ብሎ ባዘጋጀው የውድድር ፈንድ በኩል ወደ አንድ ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ሰጠ። ቮዳፎን የራሱን ጨመረበት። ኒክ ሂዩዝና ሱዚ ሎኒ የሚባሉ የቮዳፎን ሰዎች ሥራውን ያዙ። ዓላማውም ዛሬ የምናውቀው ገንዘብ መላላክ አልነበረም። ከብድርና ቁጠባ ተቋም የተበደሩ ሰዎች ብድራቸውን በስልክ እንዲከፍሉ ነበር የታሰበው።

በ2005 ፋውሉ ከሚባል አበዳሪ ተቋም ጋር ሆነው ናይሮቢና ቲካ ላይ ሙከራ ጀመሩ። ችግሩ ወዲያው ብቅ አለ። ፋውሉ የሚያበድረው በቡድን ነው። ተበዳሪዎቹ በየሳምንቱ ተሰብስበው ይከፍላሉ፤ ልክ እንደ ዕቁብ፣ ያልመጣ ሰው ባልንጀሮቹ ፊት ያፍራል። ብድሩን የሚያስከፍለው ይሉኝታው ነው። በስልክ መክፈል ሲቻል ለምን ስብሰባ ይመጣሉ? ፋውሉ የመሠረተው አሠራር መላላት ጀመረ። የሂሳብ መዝገቡም ከኤምፔሳ ጋር አልገጥም ብሎ ሠራተኞቹን አደከማቸው። አገልግሎቱ ይጠቅመዋል ተብሎ የታሰበው ዋናው ተቋም ነበር መጀመሪያ የተጎዳው።

ደንበኞቹ ግን በራሳቸው ጊዜ ሌላ ጥቅም አገኙለት። አንዱ ለሌላው ገንዘብ ይልክበታል። ነጋዴው መንገድ ላይ ገንዘብ ይዞ ላለመሄድ ሲል ጠዋት አስገብቶ ማታ ያወጣበታል። ለሌላ ሰው የአየር ሰዓት የሚገዛበትም ነበር። ሂዩዝና ሎኒ ይህን አይተው ዕቅዱን ቀየሩት። አገልግሎቱ በ2007 ለሕዝብ ሲቀርብ የብድሩ ነገር ቀርቶ “ገንዘብ ወደ ቤት ላክ” የሚል መፈክር ብቻ ይዞ ወጣ። ናይሮቢ ላይ ሠርቶ ገጠር ያለ ቤተሰቡን የሚረዳው ሰው ብዙ ነው። ያንን ሰው ያገኙት ከቢሮ ጥናት ሳይሆን ከሙከራው ተጠቃሚዎች ነው። እኔን በጣም የሚማርከኝ የታሪኩ ክፍል ይሄ ነው።

ቀጥሎ ማዕከላዊ ባንኩ አለ። በወቅቱ ስልክ ድርጅት ገንዘብ ሲያንቀሳቅስ የሚገዛው ሕግ ኬንያ አልነበራትም። ማዕከላዊ ባንኩ “ሕግ የለም፣ ስለዚህ አይቻልም” ማለት ይችል ነበር፤ ብዙ አገር ያለው ተቆጣጣሪ እንዲያ ነው ያለው። የኬንያው ግን አሠራሩን መረመረና እንደማይቃወም የሚገልጽ ደብዳቤ ጻፈ። ኤምፔሳን የሚያንቀሳቅሰው የኬንያ ስልክ ድርጅት ሳፋሪኮም የደንበኛውን ገንዘብ እንዳያበድር፣ ብሩ በሙሉ በአደራ ባንክ እንዲቀመጥ፣ ወለዱንም ለራሱ እንዳያደርግ ተደረገ። ወለዱ ለበጎ አድራጎት ሥራ ሄደ። ሙሉ የክፍያ ሥርዓት ሕግ የወጣው ከአራት ዓመት በኋላ በ2011 ነው።

ይህ ለዘብተኝነት ይመስላል። በእኔ እምነት ግን በጣም የተጠና ጥብቅነት ነበር። በአንድ ነገር ላይ፣ ማለትም በሰው ገንዘብ ደኅንነት ላይ፣ ምንም አልላላም። ሌላውን ደግሞ አይቶ ለመወሰን ጊዜ ሰጠ።

ባንኮቹ መጀመሪያ ንቀው ዝም አሉ። በ2008 መጨረሻ ግን ደንበኛው ሚሊዮኖች ሲሆን ደነገጡ። ቅሬታቸው መንግሥት ዘንድ ደረሰ፤ ተጠባባቂ የገንዘብ ሚኒስትሩ ጆን ሚቹኪ ኤምፔሳ እንዲመረመር አዘዙ። ምርመራው ተደርጎ በ2009 መጀመሪያ ላይ አገልግሎቱ ደኅና ነው ተባለ። በአደራ ሂሳቡ ላይ ያለው ብር ከደንበኞቹ ቀሪ ሂሳብ ጋር ባይገጥም ኖሮ ታሪኩ እዚያው ባበቃ ነበር። አንድ የሚረሳ ነገርም አለ፦ የኬንያ መንግሥት ራሱ የሳፋሪኮም ትልቅ ባለአክሲዮን ነው። ኩባንያው ሲያተርፍ መንግሥትም ያተርፋል። ይህ ጥቅም በውሳኔዎቹ ላይ ድርሻ አልነበረውም ማለት የዋህነት ይመስለኛል።

ባንኮቹ መዝጋቱ ሳይሳካላቸው ሲቀር ተጠጉ። ኢኩቲ ባንክ በ2010 ከሳፋሪኮም ጋር ኤምኬሾ የሚባል የቁጠባ ሂሳብ ጀመረ። ደንበኛው የማን ነው በሚለው ላይ መስማማት ስላልቻሉ ብዙ አልሄደም። በ2012 ሳፋሪኮም ከሌላ ባንክ ጋር ኤምሽዋሪን ጀመረ፤ ይሄኛው ሚሊዮኖችን አበደረ። ኢኩቲ ደግሞ ራሱ የስልክ አገልግሎት ፈቃድ አውጥቶ፣ ነባሩ ሲም ላይ የሚለጠፍ ስስ ሲም ይዞ መጣ። ሳፋሪኮም “ለደኅንነት አደገኛ ነው” ብሎ ተቃወመ። ከጥቂት ዓመት በፊት ባንኮቹ በኤምፔሳ ላይ ያቀረቡት ክርክር ይኸው ነበር። ቦታ ሲቀየር ክርክርም ይቀየራል።

ከሁሉም በላይ ግን ወኪሉን አያለሁ። ሳፋሪኮም ከድሮም የአየር ሰዓት ካርድ የሚሸጡለት ሱቆች በየመንደሩ ነበሩት። እነሱን ወኪል አደረጋቸው። ደንበኛ ሲመዘግቡ ይከፍላቸዋል። ደንበኛው ገንዘብ ሲያስገባ ምንም አይከፍልም፣ ወኪሉ ግን ኮሚሽኑን ያገኛል። ሲያወጣም ያገኛል። ይህ ለስልክ ድርጅቱ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ውድ ነበር፤ ቢሆንም ወኪሉ ሱቁን ከፍቶ እንዲጠብቅ ምክንያት ሆነው። በ2008 መጀመሪያ ከምርጫው በኋላ ረብሻ ሲነሳ ባንኮች ተዘግተው መንገድ ሲቆረጥ ሰው በየሰፈሩ ላለ ዘመዱ ገንዘብና የአየር ሰዓት በስልክ ላከ። ያን ጊዜ የተገኘውን እምነት በማስታወቂያ መግዛት አይቻልም።

ይኸው የወኪል ሠራዊት በኋላ የሳፋሪኮም አጥር ሆነ። ወኪሎቹ የሌላ ድርጅት ሥራ እንዳይሠሩ በውል ታስረው ነበር። ይህ እንዲቀር የተደረገው በ2014 የውድድር ባለሥልጣኑ ጣልቃ ሲገባ ነው። ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ሌላው ዋሌት (የስልክ የገንዘብ ቦርሳ) በቀጥታ መላክ የተቻለው ደግሞ በ2018 ነው፤ አገልግሎቱ በተጀመረ በ11 ዓመቱ ማለት ነው። ታንዛኒያ ትልቁ ተጫዋች ያን ያህል ስላልገነነ ድርጅቶቹ ተስማምተው ቀድመው አገናኙት። አንድ ብቻ ሲገንን ለማገናኘት የሚቸኩል የለም።

ሌሎች አገሮች በሌላ በር ገቡ። የናይጄሪያ ማዕከላዊ ባንክ የሞባይል ገንዘብ ሥራን ለባንኮችና ለፈቃድ ባለቤት ኩባንያዎች ሰጥቶ ስልክ ድርጅቶችን ከመሪነት አገዳቸው። ያን ያህል ሕዝብ ያለባት አገር በሕዝብ ብዛት ከምታንሳት ከጋና ወደ ኋላ ቀረች። በሩ በከፊል የተከፈተው በ2018 አዲስ ዓይነት የክፍያ ባንክ ፈቃድ ሲመጣ ነው። ጋናም መጀመሪያ ላይ ሥራውን ባንክ እንዲመራው የሚያዝ መመሪያ ነበራት፣ ዕድገቱም ቀርፋፋ ነበር። በ2015 ስልክ ድርጅቶች በእህት ኩባንያ በኩል እንዲመሩ ስትፈቅድ ፈጠነ። ሶማሌላንድ ውስጥ ደግሞ ይህ ነው የሚባል ተቆጣጣሪ ሳይኖር ቴሌሶም የሚባል ስልክ ድርጅት በ2009 ዛድ የተባለውን የሞባይል ገንዘብ ጀመረ። መላኪያ አያስከፍልም፤ ትርፉን የሚያገኘው ደንበኛው ሲሙን ስለማይቀይርና የአየር ሰዓት በዚያው ስለሚገዛ ነው። ሕንድ በበኩሏ በ2016 ዩፒአይ የሚባል የጋራ መስመር ዘረጋች። ሁሉም ባንክና ሁሉም መተግበሪያ በአንድ መስመር ይገናኛል፣ የመንደር አትክልት ሻጭም ኪውአር ኮዱን ለጥፎ ይሸጣል።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። የኢትዮጵያ መንገድ የተቀየሰው በ2005 ዓ.ም. ነው ማለት ይቻላል። ብሔራዊ ባንክ ያን ጊዜ ባወጣው የሞባይልና የወኪል ባንክ መመሪያ ሥራው ለፋይናንስ ተቋማት ብቻ ተሰጠ። ስለዚህ ኤምብርና ሄሎካሽ የመሳሰሉት የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቶች ሲመጡ በራሳቸው ስም መሥራት አልቻሉም። ቴክኖሎጂውን እነሱ ያቀርባሉ፣ ፈቃዱ የባንኩ ወይም የብድርና ቁጠባ ተቋሙ ነው፣ የስልክ መስመሩ ደግሞ የኢትዮ ቴሌኮም ነው። ሦስቱ ካልተስማሙ አይሠራም።

ያም ሆኖ ቁም ነገር ሠርተዋል። በኤምብር በኩል የሴፍቲኔት ተጠቃሚ የሆኑ የገጠር ቤተሰቦች ክፍያቸውን አግኝተዋል። ሩቅ ሄዶ፣ ቀኑን ሙሉ ተሰልፎ ብር ለሚቀበል አዛውንት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሄሎካሽ ደግሞ በሶማሌ ክልል ከሶማሌ ማይክሮፋይናንስ ጋር ሆኖ ብዙ ነጋዴ ተጠቀመበት። እዚያ አካባቢ ድንበሩን ተሻግሮ የሚነግድ ሰው ዛድን አውቆታል፤ የሞባይል ገንዘብን ከዜሮ ማስረዳት አላስፈለገም። በሌላው አካባቢ ግን ነገሩ ቶሎ አልሰፋም። የብድርና ቁጠባ ተቋማት በየክልሉ የተከፋፈሉ ናቸው፣ ወኪሉ ጥቂት ነው፣ አንዱ ከሌላው ጋር አይነጋገርም።

በ2012 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ መመሪያውን ቀየረ። ባንክ ያልሆነ ድርጅትም የክፍያ አገልግሎት መስጠት ይችላል ተባለ፤ ባለቤቱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ። ኢትዮ ቴሌኮም በዚህ በር ገብቶ ቴሌብርን ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀመረ። በዚያው ወር በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር የቴሌኮም ፈቃድ አሸነፈ። ፈቃዱ የሞባይል ገንዘብን አይጨምርም ነበር። ኤምፔሳ ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ የጀመረው ሕጉ ለውጭ ባለሀብት ከተከፈተ በኋላ፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ከስልክ ድርጅቶቹ መካከል ቴሌብር ብቻውን ሮጧል። ዛሬ የተመዘገቡ ደንበኞቹ ከ50 ሚሊዮን በላይ መሆናቸውን ኢትዮ ቴሌኮም ይናገራል።

እዚህ ላይ የእኛን ጉዳይ ከኬንያ የሚለየውን እንይ። ኬንያ ውስጥ መንግሥት ከባለአክሲዮኖች አንዱ ነው። እኛ ጋ ብዙ ኮፍያ ደርቧል። የኢትዮ ቴሌኮም ዋና ባለቤት መንግሥት ነው። ሲቢኢ ብርን ያመጣው ንግድ ባንክም የመንግሥት ነው። ተቆጣጣሪው ብሔራዊ ባንክ ነው። ትልቁ ከፋይም፣ ትልቁ ተከፋይም፣ ግብር ሰብሳቢውም ያው መንግሥት ነው። ይህ ትልቅ አቅም ይሰጣል። በአንድ ውሳኔ አገር ይንቀሳቀሳል። ግን ለደንበኛው ወይም ለተፎካካሪው ቆሞ “ቆይ፣ ይሄ ልክ አይደለም” የሚል ገለልተኛ ወገን ይሳሳል።

የነዳጁን ጉዳይ አስታውሱ። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የነዳጅ ድጎማው ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ብቻ እንዲሆን ሲወሰን፣ ድጎማው የሚሰጠው በቴሌብር በኩል ሆነ። በሚያዝያ 2015 ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መቅዳት ቀረ፤ በግንቦት ወር በመላ አገሪቱ። በአንድ ጊዜ ሾፌሩ ሁሉ ዲጂታል ከፋይ ሆነ። ማደያ ላይ ተሰልፎ “ኔትወርክ የለም” የተባለ ሰው ግን የዚህን መንገድ ጉድለትም ያውቀዋል። ሰውየው ብር አለው፣ ማደያው ነዳጅ አለው፣ መሃል ያለው መስመር ግን የለም። ግዴታ ሲሆን አማራጭ ይጠፋል፤ ስለዚህ መስመሩን የሚያስተዳድረው ድርጅት ላይ ያለው ኃላፊነት እጥፍ መሆን አለበት።

ግዴታ ደንበኛን ያስመዘግባል። ወኪልን ግን አያቆምም። ይህ ለእኔ የእኛ አገር ዋና ክፍተት ነው። ከተማ ውስጥ የባንክ ቅርንጫፍ በየመንገዱ ስላለ አይሰማንም። ብዙዎቻችን ከባንክ መተግበሪያ ወደ ባንክ መተግበሪያ እንላላካለን፤ “አካውንትህን ላክልኝ” ማለት ሰላምታ ሊሆን ምንም አልቀረው። ገጠር ስትወጡ ጥያቄው ሌላ ነው። በስልኩ የገባውን 3,000 ብር ገበያ ቀን ላይ በጥሬው የሚሰጠው ማን ነው? ወኪሉ ያን ያህል ብር መሳቢያው ውስጥ አለው? ሲያልቅበት የት ሄዶ ያመጣል? ከተማ ድረስ ለመመላለስ የሚያወጣው ትራንስፖርት ከኮሚሽኑ ከበለጠ በሚቀጥለው ሳምንት “ሲስተም የለም” ይላል። ሲስተሙ ግን አለ፤ የሌለው የወኪሉ ጥቅም ነው።

ባለሱቁም የራሱ ሂሳብ አለው። በስልክ የተከፈለው ሁሉ ዱካ አለው። ዱካ ካለ ግብር ይከተላል ብሎ ይፈራል። በቁርጥ ግብር የኖረ ነጋዴ የቀን ሽያጩ በሙሉ ሲታይ ምን እንደሚመጣበት አያውቅም። ለዚህ ነው አንዳንዱ “በካሽ ከሆነ እቀንስልሃለሁ” የሚለው። ይህን ነጋዴ በመውቀስ ብቻ የትም አይደረስም። ግብሩ እንዴት እንደሚሰላ፣ ያለፈው ዓመት ሽያጭ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይጠየቅበት እንደሆነ በግልጽ ሊነገረው ይገባል። ሌላው ስጋቱ ደግሞ ማጭበርበር ነው። የተላከ የሚመስል ስክሪንሾት አሳይቶ ዕቃ ይዞ የሚወጣ ሰው አለ። “በስህተት ልኬብሃለሁ፣ መልስልኝ” እያለ የሐሰት መልእክት የሚልክም አለ። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ባለሱቅ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ደንበኛ አስቁሞ ብሩ እስኪገባ ይጠብቃል።

መንግሥታት ከሚሳሳቱባቸው ነገሮች አንዱም ይኸው የግብር ጉዳይ ነው። ዑጋንዳ በ2018 በሞባይል ገንዘብ ዝውውር ላይ 1 በመቶ ግብር ጣለች። ተቃውሞው ስለበረታ ወደ ግማሽ በመቶ ወርዶ ወጪ ላይ ብቻ ሆነ። ታንዛኒያ በ2021 ተመሳሳይ ቀረጥ ጥላ በጥቂት ወራት ውስጥ ቀነሰችው። ጋና በ2022 1.5 በመቶ ጣለች፣ በዓመቱ ወደ 1 በመቶ አወረደች፣ በ2025 ጭራሽ ሰረዘችው። ሦስቱም ጋ የሆነው አንድ ነው፦ ሰው ወደ ጥሬ ገንዘብ ተመለሰ። ባንክ ያለው ሰው መሸሻ አለው። ቀረጡ የሚያርፈው ስልኩ ብቸኛ ባንኩ በሆነችው ጉሊት ቸርቻሪ ላይ ነው።

ስለ እሷ ካነሳን አይቀር፣ ይህ ሁሉ ድካም ምን እንዳመጣ እንይ። ታቭኒት ሱሪና ዊሊያም ጃክ የሚባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች የኬንያ ቤተሰቦችን ለዓመታት ተከታትለው በ2016 ውጤቱን አሳተሙ። ኤምፔሳ 194,000 ቤተሰቦችን፣ ማለትም ከኬንያ ቤተሰቦች 2 በመቶ ያህሉን፣ ከከፋ ድህነት አውጥቷል የሚል ግምት ላይ ደረሱ። ለውጡ ይበልጥ የታየው በሴት በሚመሩ ቤተሰቦች ላይ ነው። 185,000 ያህል ሴቶች ከእርሻ ወደ ንግድ እንደዞሩም አስልተዋል። ልብ በሉ፣ ተመራማሪዎቹ ለውጡን የለኩት ወኪል ወደ መንደሩ ምን ያህል ቀርቦ ነበር በሚለው ነው። ወኪል በቀረበበት ቦታ ኑሮ ተለወጠ።

ለአገራችን ሴቶች መንገዱ ገና ጠባብ ነው። በብዙ ቤት ስልኩ የባል ነው። ማንበብ የማትችል እናት የሚስጥር ቁጥሯን ለልጇ ወይም ለባለሱቁ ትነግራለች፤ ያን ጊዜ ገንዘቡ የእሷ ብቻ መሆኑ ያበቃል። ቴሌብር ከአማርኛ ሌላ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሶማሊኛም መቅረቡ ጥሩ ነው። ግን ለማታነብ ሰው የቋንቋ ምርጫ ብቻውን አይበቃም። ውሳኔ በሚሰጥበት ጠረጴዛ ዙሪያ ባንኩ አለ፣ ቴሌው አለ፣ ለጋሹ አለ። እሷን ወክሎ የተቀመጠ ሰው አላየሁም።

ብድሩም እየመጣ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሽን ባንክ ጋር በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ መላ፣ እንደኪሴና ሳንዱቅ የሚሉ የብድርና የቁጠባ አገልግሎቶችን ጀምሯል። መያዣ ለሌለው ሰው በደቂቃ ውስጥ ብድር ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ኬንያ ግን በዚህ በኩል ዋጋ ከፍላለች። በስልክ የሚያበድሩ መተግበሪያዎች በዝተው፣ በትንሽ ብር ስማቸው በዕዳ መዝገብ የገባ ብዙ ናቸው፤ ማዕከላዊ ባንኩ አበዳሪዎቹን የሚቆጣጠርበት ሕግ ያገኘው በ2021 መጨረሻ ነው። እኛ ያን ያህል መጠበቅ የለብንም።

ውጭ ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ ይህን በሌላ ወገን ታውቁታላችሁ። ጅዳ ወይም ቤሩት ሠርታ ለእናቷ ወደ ደሴ የምትልክ እህት፣ ገንዘቡ በቀጥታ እናቷ ስልክ ውስጥ ሊገባላት ይችላል። መስመሩ ተሠርቷል። ግን ለብዙ ዓመታት መንገዷን የወሰነው መስመሩ አልነበረም፣ ምንዛሬው ነው። በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል ያለው ልዩነት ሲሰፋ የላብ ዋጋዋን ቀንሳ እንድትልክ ማሳመን ከባድ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ልዩነቱ ጠበበ፣ የሕጋዊው መንገድ ማራኪነትም ጨመረ። የሞባይል ክፍያን ዕጣ የሚወስነው ባለድርሻ አንዳንድ ጊዜ ከቴክኖሎጂው ጋር ምንም የማይገናኝ ክፍል ውስጥ ነው ያለው።

የመጨረሻው ጉዳይ ሲበላሽ ማን ይጠየቃል የሚለው ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የንግድ ባንክ ሲስተም በአንድ ሌሊት ተበላሽቶ ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ሲያወጡ፣ ባንኩ ገንዘቡን ለማስመለስ ስም ዝርዝርና ፎቶ እስከ መለጠፍ ደርሷል። ተቋም ሲጎዳ ጉልበት አለው። ብሯ ተልኮ ያልደረሰላት ወይም በአጭበርባሪ የተወሰደባት ቸርቻሪ ግን ማን ጋ ትሂድ? ወኪሉ ወደ ጥሪ ማዕከል፣ ጥሪ ማዕከሉ ወደ ባንክ ይመራታል። ብሔራዊ ባንክ በ2012 ዓ.ም. የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ አውጥቷል። ተቋሙ ቅሬታዋን ተቀብሎ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ካልፈታላት ወደ ብሔራዊ ባንክ መሄድ ትችላለች። ይህን የሚያውቅ ደንበኛ ስንት ነው? የታሪፍ ሠንጠረዥ በየወኪሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ከጎኑ የአቤቱታ ስልክ ቁጥርና መልስ የሚሰጥበት የጊዜ ገደብ በትልቁ ይጻፍ፤ በአካባቢው ቋንቋ፣ ለማያነብ ደግሞ ወኪሉ በቃል እንዲነግር ይገደድ።